ይጠገን ወይስ ይለወጥ? የአንድ ስልክ ሒሳብ

 

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከሌሎቹ የኡማው ጉዳዮች ጎን ሲቆም ትንሽ ይመስል ይሆናል። ጉዳዩ የሞባይል ስልክ ነው። ይሁን እንጂ የቂያማ ቀን ሒሳብ በሚዛን የሚደፉ ትላልቅ ሥራዎች ብቻ የሚነሱበት እንዳልሆነና የቅንጣት ያህል ሥራም እንደሚታይ የምናምን ሰዎች ነንና፣ በኪሳችን ይዘነው ስለምንዞረው ዕቃ ብንነጋገር የሚነቅፈን አይኖርም ብዬ አስባለሁ። የምናገረውም በሌላ ሰው ላይ ጣቴን ለመቀሰር አይደለም፤ ስህተቱ የራሴ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ላይ አራት ዓመት የተገለገልኩበት ስልኬ መታወክ ጀመረ። ባትሪው ገና 30 በመቶ እያሳየ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቻርጀር ላይ ሲሰካ ይነቃል፤ ሲነቀል ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይጠፋል። የቀረው ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። ባለቤቴ ነገሩን አይታ፣ «ባትሪው ይሆናል፤ ለምን ሠሪ ጋ ወስደህ አታሳየውም?» ብትለኝ «እሺ» ብዬ አለፍኳት። እውነቱን ለመናገር ስልኬ በመበላሸቱ አላዘንኩም። የሥራ ባልደረቦቼ አዲስ አዲሱን ሲይዙ እያየሁ ዓይኔ ውሎ አድሮ ነበርና፣ የስልኩ መታመም ስፈልገው የነበረውን ምክንያት ሰጠኝ።

አዲሱ ስልክ 28,000 ብር ነበር። ያጠራቀምኩት 11,000 ብር ነው። 10,000 ብር ከባለቤቴ ወንድም ተበደርኩ። የቀረውን 7,000 ብር አሮጌውን ስልክ ሸጬ ሞላሁት። የገዛኝ በሰፈራችን በሞተር ዕቃ እያደረሰ የሚተዳደር ወጣት ነው። ስልኩን አገላብጦ አየና፣ «ጋሼ፣ ባትሪው እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፣ «አራት ዓመት ሙሉ ተጠቅሜበታለሁ፤ ምንም አላስቸገረኝም» አልኩት። ያን ዕለት ጠዋት ለሽያጩ ብዬ እስከ 100 በመቶ ሞልቼው ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ከዐስር ሰላት ስንወጣ መስጂዱ በር ላይ አገኘሁት። በፈገግታ ጨበጠኝና፣ «ጋሼ፣ ያ ስልክ አሁን ልክ እንደ አዲስ ሆነ» አለኝ። «መጀመሪያ ሁለት ሳምንት በየመንገዱ እየጠፋ አሰቃየኝ። አንድ ሱቅ ቋሚ ሥራ ሊሰጠኝ ሲደውል ዝግ ሆኖበት ለሌላ ልጅ ሰጠው። በኋላ በ1,800 ብር ባትሪ አስቀየርኩ፤ በቃ፣ ተስተካከለ።» ይህን ብሎ፣ ፊቴ ላይ ምን እንዳየ አላውቅም፣ «እርስዎም አላወቁት ይሆናል» ሲል ጨመረበት።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እርሱ በወንድሙ ላይ መልካም ጥርጣሬ በማሳደር ተናገረ፤ እኔ ግን ያንን መልካም ጥርጣሬ እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ሌሊቱን ሒሳቡን ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ። በ1,800 ብር ይስተካከል የነበረውን ነገር በ21,000 ብር ተጨማሪ ወጪ፣ በ10,000 ብር ዕዳ፣ በአንድ ውሸትና በአንድ ወጣት የእንጀራ መንገድ ገዛሁት ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ጥያቄው የመጣብኝ። ዕቃ ሲበላሽ ማሠራት፣ ማሻሻል ወይም መለወጥ የኪስ ጉዳይ ብቻ ነውን? ወይስ ሃይማኖታችን የሚለው ነገር አለው?

ሁለት ጥፋት፣ አንድ መካከለኛ መንገድ

ብዙዎቻችን ስለ ብክነት ሲወራ የሚታየን የሠርግ ድግስና የሚደፋ ምግብ ነው። ዑለሞች ግን ሁለት ቃላትን ለይተው ያስተምሩናል። ኢስራፍ በተፈቀደ ነገር ላይ ልክን ማለፍ ነው፤ ተብዚር ደግሞ ገንዘብን ከቦታው ውጭ መበተን ነው። ስልክ መግዛት የተፈቀደ ነው። አዲስ ስልክ መግዛትም የተፈቀደ ነው። ሊጠገን የሚችለውን እየጣሉ በየዓመቱ መለወጥ ግን ልክ ማለፍ አይደለምን?

በሌላ በኩል ተቃራኒው ጥፋት አለ። ቁርኣን በሱረቱል ፉርቃን የአር-ረሕማንን ባሮች ሲገልጽ፣ ሲሰጡ የማያባክኑ፣ የማይቆጥቡም፣ በመካከል የሚሄዱ መሆናቸውን ያመለክተናል። እንግዲህ የማያባክን ብቻ ሳይሆን ከልክ በላይ የማይሰስትም ነው። የሞተ ዕቃ እያስታመመ፣ አንድ ጊዜ ስክሪን፣ አንድ ጊዜ ሶኬት፣ አንድ ጊዜ ድምፅ ማጉያ እያለ ከአዲሱ ዋጋ በላይ የሚከፍል ሰው አለ። ልጁ የምትማርበትን ኮምፒዩተር ላለመለወጥ ሲል ልጅቱን የሚያጉላላ አባት አለ። ይህም ቁጠባ አይባልም። ብክነት በሁለቱም በር ይገባል።

ስለዚህ «ሁልጊዜ ጠግን» የሚል ሕግ የለም፤ «ሁልጊዜ ለውጥ» የሚልም የለም። ያለው ሚዛን ነው። ሚዛኑን ለመያዝ ደግሞ መጀመሪያ ራስን አለማታለል ያስፈልጋል።

ጥገና ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

በልጅነቴ አባቴ ራዲዮ ነበረው። ሲንተፋተፍ ወደ ሠሪ ይሄዳል፤ ተሠርቶ ይመለሳል። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ያልፋል፤ ልዋጭ የሚሉት በአሮጌ ልብስ ሳህንና ብርጭቆ ይሰጣሉ። መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ሌላው ዓለም ቆሻሻ ብሎ ከሚጥለው በርሜልና ቆርቆሮ ምድጃና ባልዲ ሲወጣ ታያላችሁ። ይህ ሁሉ የድህነት ምልክት ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ጥበብም አለበት። ድሀ የሆነ ሁሉ የተጣለ በርሜል ምድጃ ሊሆን እንደሚችል አያይም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አርአያችን አሉ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ምን ይሠሩ እንደነበር ስትጠየቅ ጫማቸውን ራሳቸው ይጠግኑ፣ ልብሳቸውንም ይሰፉ እንደነበር መናገሯ ተዘግቧል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ለእናታችን መይሙና (ረ.ዐ.) አገልጋይ የተሰጠች በግ ሞታ ተጥላ ሲያዩ፣ ቆዳዋን ለምን አልፍተው እንዳልተጠቀሙበት ጠየቁ። በክት ናት ቢሏቸው፣ የተከለከለው መብላቷ ብቻ መሆኑን አስረዱ። አስተውሉ! ከሞተ እንስሳ እንኳ የሚጠቅመው ክፍል ተለይቶ እንዲወሰድ ነው የተመለከተው። ባትሪው ብቻ የደከመን ስልክ «ሞቷል» ብለን የምንጥል እኛ ምን ልንባል ነው?

ጥፋቱ ግን የገዢው ብቻ አይደለም። ዕቃው ራሱ እንዳይጠገን ተደርጎ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ይህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ታላላቅ የአምፖል አምራቾች በጄኔቭ ፌቡስ በተባለ ማኅበር ተስማምተው የአምፖልን ዕድሜ ወደ 1,000 ሰዓት አወረዱት፤ አምፖሉ ከዚያ በላይ የቆየለትን አባል ይቀጡ ነበር። በዘመናችንም አፕል የተባለው ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጁ ስልኮችን ፍጥነት ይቀንስ እንደነበር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 አምኗል። ምክንያቱ ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው አለ። ነገር ግን ለባለቤቱ ሳይነገረው ስለተደረገ ብዙ ሰው ባትሪ ማስቀየር ሲበቃው ስልክ እንደለወጠ ተገነዘበ። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። ይህንን መሳይ ነገር ሲበዛ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁን 2025 ጀምሮ በገበያው የሚገቡ አዳዲስ ስልኮች መለዋወጫቸው ለዓመታት እንዲገኝ አስገድዷል።

ሻጭ ጉድለትን መደበቁ ሐራም ከሆነ፣ አምራች የዕቃውን ዕድሜ ደብቆ ማሳጠሩስ? ለእኔ ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ይህን ስል ግን አፌ ላይ ይከብደኛል፤ እኔም በ7,000 ብር ያደረግሁት ያው ነውና።

በሽታው የቱ ነው?

ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት በሽታውን ይለያል። እኔ ያላደረግሁትም ይህንን ነበር። አሁን ከሠሪዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

የስልክ ባትሪ ሞልቶ በተጠቀምንበት ቁጥር ጥቂት ጥቂት ያረጃል። በብዙ ስልኮች ከ500 ገደማ ሙሉ ዙር በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ያረጀ ባትሪ ስልኩ በድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቀው ሊሰጥ አይችልም፤ ስለዚህ 30 በመቶ እያሳየ ይጠፋል። የእኔ ስልክ በሽታ ይኸው ነበር። ሙቀት ባትሪን ያስረጃል፤ ስለዚህ ቻርጅ ሲደረግ ትራስ ሥር መክተት ወይም ፀሐይ ላይ መተው ጥሩ አይደለም። ያበጠ ባትሪ ግን ሌላ ነገር ነው። እሳት ሊያስነሳ ይችላልና አንድ ቀን እንኳ ሳያድር መነሳት አለበት፤ በቁጠባ ስም ቤተሰብን ለአደጋ ማጋለጥ አይፈቀድም።

ስልክ «ተንቀረፈፈ» ሲባል ብዙ ጊዜ ማኅደሩ በቪዲዮና በፎቶ ስለሞላ ነው። ያንን ማጽዳት ገንዘብ አይጠይቅም። «ቻርጅ አያደርግም» የተባለው ስልክ ሶኬቱ ውስጥ አቧራ ተጠቅጥቆበት የሚገኝበት ጊዜ አለ። የተሰበረ ስክሪን ይቀየራል፤ ውኃ ገብቶ ዋናው ቦርዱ የተበላ ስልክ ግን ቢሠራም ዕድሜው አስተማማኝ አይደለም።

ከስልኩ በኋላ የልጄ ላፕቶፕ ተራ ደረሰ። ለመነሳት አምስት ደቂቃ ይፈጅበት ነበርና አዲስ እንድገዛላት ጠየቀችኝ። በዚህኛው ጊዜ መጀመሪያ አሳየሁት። ሠሪው የሚሽከረከረውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለውን አስገባ፤ ሜሞሪውንም ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ከፍ አደረገው። ወጪው ሁሉ ተደምሮ የአዲሱ ዋጋ ሲሶ እንኳ አልደረሰም። ላፕቶፑ አሁን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነሳል። ማሻሻል የሚባለው ሦስተኛው መንገድ ይህ ነው፤ ብዙዎቻችን በመጠገንና በመለወጥ መካከል እንዳለ እንረሳዋለን።

በሐቀኝነት ለመነጋገር ግን መለወጥ ትክክል የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ስልክ የደኅንነት ማስተካከያ ከአምራቹ መቀበል ሲያቆም እያደር ለሌቦች በር ይከፍታል። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያዎች በስልካችን ከገቡ ወዲህ ይህ የገንዘብ ጥበቃ ጉዳይ ሆኗል። ዋትስአፕም እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በጣም ያረጁ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ መሥራቱን አቁሟል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ዘግቷል። የእኛ ላፕቶፕ አዲሱን ዊንዶውስ ስለማይቀበል ሠሪው ሊኑክስ የተባለውን በነጻ የሚገኝ ሥርዓት ጫነበት። ልጄ ሁለት ሳምንት አጉረመረመች፤ ከዚያ ለመደችው። ለሥራው ግድ ሌላ ፕሮግራም የሚያስፈልገው ሰው ግን መለወጡ ኢስራፍ አይባልም።

ለራሴ ያወጣሁት መለኪያ ይህ ነው። የጥገናው ዋጋ ተመሳሳይ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ግማሽ በታች ከሆነና ዕቃው ከተጠገነ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት ያገለግላል ተብሎ ከታመነ፣ አሠራዋለሁ። ከግማሽ ካለፈ ወይም ሕመሙ ከአንድ ቦታ በላይ ከሆነ፣ ለመለወጥ አስባለሁ፤ ሲለወጥም ያገለገለ ደህና ዕቃ መጀመሪያ እፈልጋለሁ። ይህ ፈትዋ አይደለም፤ የአንድ ደመወዝተኛ ልምድ ነው። በተለይም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ከደመወዛችን ሸሽቷል። የትናንቱ ልማድ ለዛሬው ኪስ አይሆንም።

«አላህ ጸጋው እንዲታይ ይወዳል» ለሚሉ

ይህን ሐሳብ ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው ተቃወመኝ። አላህ በባሪያው ላይ የጸጋውን ምልክት ማየት እንደሚወድ በሐዲስ መጥቷል፤ ታዲያ አላህ ለሰጠው ሰው ጥሩ ስልክ መያዝ ምኑ ነው ነውሩ? አለኝ። ሐዲሱ ቲርሚዚ የዘገቡት ነው፤ ወዳጄም ሞኝ አይደለም። በዘህድ ስም መጎሳቆልን የሚያበረታታ ሃይማኖት የለንም።

ነገር ግን ወዳጄን አንድ ነገር ጠየቅሁት። በብድር የተገዛ ስልክ የማን ጸጋ ምልክት ነው? የእኔ አዲሱ ስልክ የሚያሳየው የአላህን ጸጋ ሳይሆን የባለቤቴን ወንድም ገንዘብ ነበር። ዕዳውን በወር 2,000 ብር እየከፈልኩ አምስት ወር ፈጀብኝ። በእነዚያ አምስት ወራት ለእናቴ እልክ የነበረውን ቀነስኩ። ሰደቃዬን ቀነስኩ። የቤት አስቤዛ ላይ ባለቤቴ ሳትናገር ስታጣብብ አይቻለሁ። በዕዳ ጉዳይ የመጡትን ከባድ ሐዲሶች የሰማ ሰው፣ ያለ ችግሩ ተበድሮ ጌጥ አይገዛም።

በተጨማሪም መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) በዱንያ ጉዳይ ከእኛ በላይ ወዳሉት ሳይሆን ከእኛ በታች ወዳሉት እንድንመለከት አዘዋል፤ የአላህን ጸጋ ላለማቃለል ይህ የተሻለ ስለሆነ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማየው የባልደረቦቼን እጅ ነበር። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው በእጁ ያለው ሁሉ አሮጌ ይመስለዋል። ስለዚህ የጸጋው ምልክት የሚባለው ሐዲስና ከበታች ያለውን ተመልከት የሚለው ሐዲስ አይጋጩም። የመጀመሪያው ያለውን ለሚደብቅ ነው፤ ሁለተኛው የሌለውን ለሚመኝ ነው። ሁላችንም የትኛው ለእኛ እንደተነገረ እናውቃለን።

በሠሪው እጅ ያለው አማና

ብዙ ሰው ወደ ጥገና የማይሄደው ሠሪዎችን ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ኦሪጅናሉን አውጥቶ ኮፒ የሚያስገባ አለ። በአንድ ብልሽት ገብቶ በሦስት የሚወጣ ስልክ አለ። ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ የእህቶቻችንና የሚስቶቻችን ፎቶ ያለበት ስልክ በማያውቁት ሰው እጅ ማደሩ ነው።

ለሠሪ ወንድሞቼ የምለው ይህ ነው። ፊቅህ የእናንተን ጉዳይ አልዘነጋውም። ሊቃውንት የሰውን ዕቃ ተቀብሎ የሚሠራ ባለሙያ በእጁ ለጠፋው ወይም ለተበላሸው መጠየቁን በሰፊው ተወያይተውበታል፤ ብዙዎቹም የሕዝብን ንብረት ለመጠበቅ ሲሉ ተጠያቂ አድርገውታል። ስልክ ውስጥ ያለው ምስል ከስልኩ በላይ ንብረት ነው፤ መክፈት የሰውን ቤት በመስኮት እንደ መመልከት ነው። ታማኝ ሠሪ ግን የአላህ ጸጋ ነው። ለልጄ ላፕቶፕ የሠራልን ሰው የወጣውን አሮጌ ዲስክ በፖስታ ከትቶ መልሶ ሰጠኝ፤ «ውስጡ የእናንተ ጉዳይ አለ» ብሎ። እንዲህ ያለውን ሰው ስታገኙ ደንበኛ ሁኑለት፤ ለሌላም ንገሩለት።

እኛ ባለዕቃዎችም ድርሻ አለን። ከመስጠታችን በፊት ፎቶውን ወደ ሌላ ቦታ እናሳልፍ፤ የሚቻል ከሆነ ተቀምጠን እያየን እናሠራ። ዋጋም ስንከራከር የሰውየውን ሙያ አናቃልል። ለአዲስ ስልክ 28,000 ብር ሳንከራከር ከፍለን ከጥገና ላይ 200 ብር ለማስቀነስ ግማሽ ቀን የምንሟገት ብዙዎች ነን።

አሮጌው የት ይሄዳል?

ሲለወጥ የሚረሳው ይህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ያወጣው ዘገባ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥላለች፤ ከዚህ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡን እንኳ አይሞላም። በውስጡ ወርቅና መዳብ አለ፤ እርሳስና ሜርኩሪም አለ። ገመዱን አቃጥሎ መዳቡን የሚያወጣው ሕፃን ጭሱን ይምገዋል። ራስንም ሌላውንም አለመጉዳት የሸሪዓችን መሠረት ከሆነ፣ መሳቢያችን ውስጥ ያደሩትን አሮጌ ስልኮችና ባትሪዎች ከምግብ ትራፊ ጋር ቀላቅሎ መጣል ሊከብደን ይገባል።

የሚሠራውን ለሚፈልግ መስጠት ሰደቃ ነው፤ ግን ደህናውን። የማይሠራውን ለለዋጭ ዕቃ ለሠሪ መስጠት ይጠቅማል። መሸጥ ቢፈለግ ደግሞ ሕጉ ግልጽ ነው። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ላይ ማድረግ ይገባው እንደነበር ለሻጩ ነገሩት፤ የሚያታልልንም ከወገናቸው አወጡት። ቻርጅ ተሞልቶ የቀረበው የእኔ ስልክ ያ የእህል ክምር ነበር። ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ እርጥብ።

ወጣቱን መስጂድ በር ላይ ካገኘሁት በኋላ አንድ ኡስታዝ አማከርኩ። ዑለሞች በዝርዝሩ ቢለያዩም ጉድለት የተደበቀበት ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት እንዳለው ነገረኝና፣ «ከገንዘቡ በፊት ግን እውነቱን ንገረው፤ ምርጫው የእርሱ ነው» አለኝ። ሦስት ቀን አመነታሁ። በአራተኛው ሄድኩ። «አውቄ ነበር» አልኩት። ዝም አለ። ስልኩን መመለስ እንደሚችል፣ ካልሆነም የባትሪውን 1,800 ብር እንደምከፍለው፣ ስላመለጠውም ሥራ የፈለገውን እንዲለኝ ነገርኩት። ብሩን ተቀበለ። ስልኩን አልመለሰም። ስለ ሥራው ግን፣ «እሱን እርስዎ ሊመልሱት አይችሉም ጋሼ፤ አላህ ሌላ ይሰጠኛል» አለኝ። «ዐፍው በለኝ» ስለው ጥቂት ቆይቶ «ብያለሁ» አለ። ፈገግታው ግን እንደ መስጂዱ በር ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ዕቃ ሲኖረኝም በእርሱ እልካለሁ። ያመለጠው ቋሚ ሥራ ግን እስከ ዛሬ አልተተካለትም።

ውድ አንባብያን! ሰው በቂያማ ቀን ገንዘቡን ከየት እንዳመጣውና በምን ላይ እንዳዋለው ሳይጠየቅ ከቆመበት እንደማይንቀሳቀስ ተነግሮናል። ስለዚህ ዕቃችሁ ሲበላሽ፣ ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት አራት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ እላለሁ። በእርግጥ የታመመው ዕቃው ነው ወይስ ዓይኔ? በትንሽ ወጪ ይድናልን? የምከፍለው ገንዘብ የማን ድርሻ ነው? አሮጌውስ በማን እጅ፣ በምን ሁኔታ ይገባል? እነዚህን አራቱን በእውነት የመለሰ ሰው ቢጠግንም ቢለውጥም አይወቀስም።

አዲስ ያልኩት ስልክም አሁን አዲስ አይደለም። ጠርዙ ተጭሯል፤ ከዓመታት በኋላ ባትሪው መድከሙም አይቀርም። ያን ጊዜ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ሠሪው ነው፤ ባለቤቴም ይህን ቃል ተቀብላኛለች።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠንን ጸጋ የምናውቅ፣ በጸጋው የማናባክን፣ በገበያችንም እውነተኞች ያድርገን። ላጠፋነውም ምሕረቱን፣ ለበደልናቸውም ካሣውን ይስጥ። አሚን። ወሏሁ አዕለም።